ጭስን በብርሃን መለካት

በምንጃሯ ከተማ በአረርቲ ታኅሣሥና ጥር የአውድማ ወራት ናቸው። የምንጃር ጤፍ ተወቅቶ ለነፋስ ሲሰጥ እብቁ አየሩን ይሞላዋል፤ አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ በአቧራው ውስጥ ቀልታና ደብዝዛ ትታያለች። ይህን ያየ ሰው አየሩ እንደቆሸሸ ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ዓይን አይነግረውም። ያንን የሚነግሩን፣ መሬት ላይ ቆመው ከፀሐይ ብርሃን የጎደለውን የሚያሰሉ መሣሪያዎች ናቸው።

ቀለል ያለው ፀሐይ ፎቶሜትር ይባላል። ፀሐይን እየተከተለ በየቀለሙ የሚደርሰውን ብርሃን ይለካል። አየሩ ንጹሕ ቢሆን ሊደርስ የሚገባው መጠን ስለሚታወቅ፣ ጉድለቱ የብናኙን ብዛት ይናገራል። ደቃቁ የጭስ ብናኝ ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይበትናል፤ ሻካራው የአውድማና የመንገድ አቧራ ግን ቀለም ብዙም አይመርጥም። ጭስና አቧራ የሚለዩት በዚህ ነው።

ለጋዞች ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የሞገድ ርዝመት መርጦ ብርሃን ይውጣል። ከመኪና ጭስ የሚመነጨው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሰማያዊውን ስለሚውጥ፣ ሲበዛ በከተማ ሰማይ ላይ ቡናማ ጥላ ያጠላል።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር በ2001 ዓ.ም. የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ተክሏል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የቆመው ይህ መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከበላያችን ያለውን ኦዞንና ሌሎች ጋዞች ለክቷል፤ የኦዞን ልኬቱም ሳተላይቶች ከሚሰጡት ጋር ተነጻጽሯል። በሞቃታማው አፍሪካ እንዲህ ያለ ጣቢያ ጥቂት በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ፀሐይን የሚያነብ መሣሪያ ግን ክረምት ጠላቱ ነው። ደመና ሲጋርደው ይቆማል፤ ሌሊትም አይሠራም። ከዚህ የባሰው፣ ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ መቁጠሩ ነው። አፍንጫችን የሚስበው ደግሞ የታችኛውን ብቻ ነው። በበጋ ብርዳማ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ከመሬት ተጣብቆ የምድጃውንና የመኪናውን ጭስ አፍኖ ይይዛል። ከባዱ ሰዓት ያ ነው፤ ፀሐይዋም ገና ከፍ አላለችም።

ለዚህ ሌላ ዓይነት የብርሃን መሣሪያ አለ፤ የሌዘር ሴንሰር። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስብለታል፣ ሌዘር ያበራበታል፣ ከብናኙ የሚበተነውን ብርሃን ይቆጥራል። በእጅ የሚያዝና በዋጋም ረከስ ያለ ነው። ሆኖም የጉም ጠብታን እንደ ብናኝ ሊቆጥር ስለሚችል፣ ከተሻለ መሣሪያ ጎን አስቀምጦ ሳያስተካክሉ ቁጥሩን ማመን የዋህነት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የደቃቅ ብናኝን መጠን በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲያሳውቅ የቆየው፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። በማርች 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። የራስን አየር በሰው ሚዛን መመዘን እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

ወደ አረርቲ ስንመለስ፣ ከተማዋ ለግንባታ ዕቃዎች ምርት የታሰበ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን በሜትር ኪዩብ 5 ማይክሮግራም ነው። ከተማዋ ከዚህ ምን ያህል እንደምትርቅ ዛሬ ካልተመዘገበ፣ ነገ ጭስ በዛ ሲባል ማነጻጸሪያ አይገኝም፤ የአውድማው አቧራና የፋብሪካው ጭስም አንዱ በሌላው ይሳበባል። አንድ ሴንሰር ነፋሱ ወደ ፓርኩ በሚገባበት፣ ሌላው ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ቢተከሉ የሁለቱ ልዩነት የፓርኩን ድርሻ ያሳያል። የወረዳው አስተዳደርና ባለፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫው ሳይበዛ፣ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ የአውድማ ወቅት ያስለኩ።