ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ወደ ሞባይል ጋዜጠኝነት

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተምሮ ያለፈ ሰው የሚኒ ሚዲያ ክበብን ያውቀዋል። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ አለዚያም በዕረፍት ሰዓት፣ ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ማይክሮፎንና በአንድ ድምፅ ማጉያ ዜና፣ ግጥም፣ ጥያቄና መልስ እንዲሁም ማስታወቂያ ያቀርባሉ። የሚያነቡት ዜና አብዛኛውን ጊዜ ከሬዲዮ ወይም ከጋዜጣ የተቀዳ ሲሆን፣ ድምፃቸውም ከግቢው አጥር እምብዛም አያልፍም።

ያንን አጥር ሊሻገር የሚችል መሣሪያ ግን ዛሬ በብዙ ቤተሰብ እጅ ይገኛል። በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት የጀመረው ተንቀሳቃሽ ስልክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመነጋገሪያነት አልፎ የፎቶ ካሜራ፣ የቪዲዮ መቅረጫ፣ የድምፅ መቅጃና የማቀናበሪያ ጠረጴዛ ሆኗል። ሞባይል ጋዜጠኝነት የሚባለው ሙያም ከዚህ የመነጨ ነው። አንድ ዘጋቢ በስልኩ ብቻ መረጃ ይሰበስባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ድምፅና ምስል ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፣ ከዚያም ሥራውን በጦማር ወይም በማኅበራዊ ትስስር ገጽ ለሕዝብ ያደርሳል። ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ በአንድ ዘገባ ውስጥ ተደጋግፈው ስለሚቀርቡ አሠራሩ መልቲሚዲያ የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል።

አሠራሩ በዓለም ላይ የታወቀው ከሃያ ዓመታት ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 በለንደን የምድር ውስጥ ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ የቦምብ ጥቃት በደረሰ ጊዜ፣ ተሳፋሪዎች በስልካቸው ያነሷቸው ምስሎች ለታላላቅ የዜና ተቋማት ዋና ምንጭ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሮይተርስ ከኖኪያ ኩባንያ ጋር በመተባበር ለዘጋቢዎቹ በስልክ የሚሠራ የዘገባ መሣሪያ ሞክሯል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ፣ ከምርጫ በኋላ በተነሳው ሁከት ወቅት፣ ዜጎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት የላኳቸውን መረጃዎች በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሥርዓት ተፈጥሯል። ሥርዓቱ «ኡሻሂዲ» የሚባል ሲሆን ትርጉሙም በስዋሂሊ ቋንቋ ምስክርነት ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የጋዜጠኝነት ከፍተኛ ትምህርት ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባ ተወስኖ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ የጋዜጠኝነት ትምህርት የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። በምዕራቡ የሀገሪቱ ክፍል ደግሞ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ወዲህ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓሶችን ከፍቷል። ይሁን እንጂ የዘገባ መሠረታዊ ዕውቀት የዩኒቨርሲቲ ደጃፍን የግድ መጠበቅ የለበትም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለ የሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ ለአራትና ለአምስት ተማሪዎች በሚዳረስ አንድ ስልክ ትምህርቱን መጀመር ይቻላል።

ለዚህ በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ ከነቀምቴ በስተምዕራብ እስከ ዴዴሳ ሸለቆ የሚዘልቀውን የዲጋ ወረዳ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በወረዳው አርሶ አደሩን ከሚያሳስቡ ጉዳዮች አንዱ ምስጥ ነው። በአካባቢው ቋንቋ «ሪርማ» የሚባለው ይህ ነፍሳት ሰብልን፣ የግጦሽ ሣርን፣ የአጥር እንጨትንና የቤት ምሰሶን ያጠፋል። ስለ መንስኤው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አመለካከት የለውም። አርሶ አደሩ መሬቱን ያራቆተው ምስጡ ነው ሲል፣ ባለሙያዎች በበኩላቸው ደን ሲመነጠርና መሬት ከአቅሙ በላይ ሲጋጥ ምስጡ የሚመገበው የደረቀ ቅጠልና ገለባ ስለሚጠፋ ወደ ሰብሉና ወደ ለምለሙ ሣር ይዞራል ይላሉ። እንዲህ ያለው ጉዳይ ለተማሪ ዘጋቢ ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። በቅርብ ይገኛል፤ የብዙ ቤተሰቦችን ኑሮ ይነካል፤ ከአንድ ወገን በላይ መጠየቅንም ግድ ይላል።

ዲጋ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በዓባይ ተፋሰስ የመሬትና የውኃ አያያዝን ያጠና ዓለም አቀፍ የምርምር ፕሮጀክት ዲጋን፣ ጀልዱንና ፎገራን የሥራ ቦታዎቹ አድርጎ ነበር። በዲጋ አርሶ አደሮችን፣ የወረዳ ባለሙያዎችንና ተመራማሪዎችን ያሰባሰበ መድረክ ተቋቁሞ የእንስሳት መኖና የመሬት መራቆት ጉዳዮች ተመክሮባቸዋል። ምስጥን በመቋቋም የሚታወቀው «ጮሞ» ሣርም ትኩረት ካገኙት የመኖ ዓይነቶች አንዱ ነው። አርሶ አደሮች ራሳቸው ካሜራ ይዘው ችግራቸውን እንዲቀርጹና የቀረጹትንም ለውሳኔ ሰጪዎች እንዲያሳዩ ማድረግ ከፕሮጀክቱ ሥራዎች መካከል ይገኝበታል። በዚህም በስብሰባ የማይናገር ሰው በምስል ሊናገር እንደሚችል ለመረዳት ተችሏል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ስልክ በመክፈት ሳይሆን ጥያቄ በመጻፍ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሥፍራው ከመሄዳቸው በፊት ምን ተከሰተ፣ በማን ላይ፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች በደብተራቸው ያሰፍራሉ። ከዚያም ማንን እንደሚያነጋግሩ ይወስናሉ። ስለ ምስጥ በሚሠራ ዘገባ ሰብሉ የተጎዳበት አርሶ አደር፣ ለከብቶቿ መኖ የምትፈልግ የቤት እመቤት፣ የቀበሌ የልማት ሠራተኛና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሊጠየቁ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተደነገገው ሐሳብን የመግለጽ መብት መረጃ የመጠየቅና የማግኘት ነፃነትንም እንደሚጨምር ተማሪዎች ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ቀረጻው ጥቂት ቋሚ ሕጎች አሉት። የስልኩ ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ስልኩ ለቪዲዮ በአግድም ይያዛል፤ በቀረጻ መሐል ጥሪ እንዳያቋርጥም የበረራ መቼት ይከፈታል። ብርሃን ከተናጋሪው ጀርባ ሳይሆን ከፊቱ ሊመጣ ይገባል። እያንዳንዱ ምስል ሳይንቀሳቀስ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ይቀረጻል። በመጀመሪያ ማሳው በስፋት፣ ቀጥሎ አርሶ አደሩ ሥራው ላይ ሳለ፣ በመጨረሻም እጁና በምስጥ የተበላው አገዳ በቅርበት ይወሰዳሉ። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚዘነጉት ድምፅን ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ሊታገሥ ይችላል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ትቶት ይሄዳል። ስለሆነም ስልኩ ከተናጋሪው ከአንድ ክንድ ባልበለጠ ርቀት ይቀመጣል፤ ወይም የጆሮ ማዳመጫው ማይክሮፎን ከልብሱ ጋር ይያያዛል።

ወጪም ከትምህርቱ አይነጠልም። በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እስከ 130 ሜጋ ባይት ሊደርስ ሲችል፣ የአንድ ደቂቃ የተጨመቀ ድምፅ ግን ግማሽ ሜጋ ባይት ገደማ ብቻ ይይዛል። በመሆኑም የዳታ ጥቅል በሳንቲም ለሚቆጥር ተማሪ ሁለት ጥሩ ፎቶዎች፣ የአንድ ደቂቃ ድምፅና 300 ቃላት ያለው ጽሑፍ ከረጅም ቪዲዮ የተሻለ ምርጫ ናቸው።

ጦማርና ማኅበራዊ ትስስር ገጽ የተለያየ አገልግሎት አላቸው። ጦማር መዝገብ ነው፤ ዘገባው ከነሙሉ ጽሑፉ፣ ከነቀኑና ከነፎቶ መግለጫው ተቀምጦ ከዓመታት በኋላም ሊገኝ ይችላል። ፌስቡክና ቴሌግራም ደግሞ የማድረሻ መንገድ ናቸው፤ አጭር መግቢያና አንድ ምስል ይዘው አንባቢውን ወደ ሙሉው ዘገባ ይመራሉ። መምህሩ እያንዳንዱን ዘገባ ከመውጣቱ በፊት ከሌላ ተማሪ ጋር አብሮ ያርማል። ከወጣ በኋላ ስሕተት ቢገኝ እርማቱ በግልጽ ከዘገባው ሥር ይጻፋል እንጂ ዘገባው በዝምታ አይጠፋም። አስተያየት ሰጪዎች የሚጠይቁትን መመለስም የትምህርቱ ክፍል ነው።

ቋንቋም ሊታሰብበት ይገባል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት ኦነሲሞስ ነሲብ በኋላ በነቀምቴ ማስተማራቸው ይታወቃል። የዲጋ አርሶ አደር የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ በመሆኑ ቃሉ በራሱ ድምፅ እንዲሰማ፣ ለሌላው አንባቢ ደግሞ በአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ እንዲታከልበት ማድረግ ይቻላል።

የዚህ ትምህርት ከባዱ ክፍል ግን ማጣራት ነው። ከሌላ ሀገር ወይም ከሌላ ዘመን የተወሰደ ፎቶ የዛሬ ድርጊት ተደርጎ ሲሰራጭ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጋጭ ይችላል። ተማሪው ምስሉን ማን፣ መቼና የት እንዳነሳው መጠየቅን፣ በምስል ፍለጋ ቀድሞ ወጥቶ እንደሆነ ማየትን፣ በሥፍራው ያሉትን ምልክቶች ማመሳከርንና ቢያንስ ሁለት የማይተዋወቁ ምንጮችን ማነጋገርን ይለማመዳል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ድርጊቱ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱ እንደሚከብድ ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ያልተጣራ ወሬ የሚያስከፍለውን ዋጋ የወለጋ ነዋሪ ጠንቅቆ ያውቃል።

በአንጻሩ መረጃ ሲጠፋም ወሬ ይነግሣል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ወቅት የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወደ ሀገሪቱ ገብቶ ስለነበር የጤና መልእክት ለብዙዎች በቀላሉ አልደረሰም። ስለዚህ ተማሪዎች ያለ ኔትወርክም መሥራትን ሊማሩ ይገባል። ዘገባው በማስታወሻ ካርድ ይቀመጣል፤ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያም ይነበባል።

ከሁሉ በላይ የሚቀድመው የሰው ደኅንነት ነው። የጸጥታ ችግር በታየበት አካባቢ አንድ ፎቶ ተናጋሪውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። የስልክ ካሜራ የተነሳበትን ቦታ ከምስሉ ጋር ሊመዘግብ ስለሚችል ተማሪው ይህን መቼት መዝጋት ይኖርበታል። የተናጋሪው ፈቃድ፣ ለልጆች ደግሞ የወላጅ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቃል። የታጠቁ ሰዎችን፣ ግጭትን ወይም የአደጋ ሰለባን ለመቅረጽ ተማሪ አይላክም።

ዘገባው ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ የመጨረሻ ሥራ ይቀራል፤ እርሱም ወደ ተነገረለት ሰው ተመልሶ መሄድ ነው። ምስጥ ማሳውን የበላበት አርሶ አደር ስለ እርሱ የተጻፈውን ሲያይና ሲሰማ፣ የተሳሳተውን ያርማል፤ የጎደለውን ይጨምራል። ተማሪውም የተናገረው ነገር ከግቢው አጥር አልፎ በሰው ኑሮ ላይ እንደሚያርፍ ይረዳል። የሚኒ ሚዲያ ክበቦች ወደዚህ ደረጃ እንዲደርሱ መምህራን፣ ወላጆችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድጋፍ ሊያደርጉላቸው ይገባል።