ከጥገናው ሂሳብ ሥር ያለው ክፍያ

የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ለማደስ 200,000 ፓውንድ ወጣ እንበል። ሕንፃው ሃያ ፍላት ካለውና ሁሉም እኩል የሚከፍሉ ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 10,000 ፓውንድ ነው። ከዚህ ቁጥር ሥር ግን ሌላ መስመር ይከተላል፤ «የአስተዳደር ክፍያ፣ 15 በመቶ»። በአንድ ፍላት 1,500 ፓውንድ ተጨመረ ማለት ነው። ብዙ ሰው በኮንትራክተሩ ዋጋ ሲብሰለሰል ይህን መስመር እንደ ግብር ቆጥሮ ያልፈዋል። ግብር ግን አይደለም። ለተሠራ ሥራ የተጠየቀ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ምን ተሠርቶበት እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

በእንግሊዝና በዌልስ ፍላት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በቤቱ ለረጅም ዘመን፣ ለምሳሌ ለ125 ዓመት፣ የመኖር መብት ነው። ሕንፃው የፍሪሆልደሩ፣ ማለትም የዋናው ባለቤት፣ ሆኖ ይቀጥላል፤ እሱ ያድሳል፣ ወጪውን ሊዝ ሆልደሮቹ፣ ማለትም የፍላቶቹ ገዢዎች፣ ሰርቪስ ቻርጅ በሚባል ክፍያ ይሸፍናሉ። የ1980ው የቤቶች ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ተከራዮች ቤታቸውን እንዲገዙ ከፈቀደ ወዲህ እጅግ ብዙ የካውንስል ፍላት በዚህ መንገድ ተሸጧል። ተከራይ ሳሉ የጣሪያው ነገር የካውንስሉ ጉዳይ ነበር፤ ሲገዙት ግን ሂሳቡ ወደ እነሱ ዞረ። የካውንስል ቤት የገዙ የለንደን ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ዕዳ ውጭ አይደሉም።

መከላከያው ያለው በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ ነው። ክፍል 19 እንደሚለው ሰርቪስ ቻርጅ የሚከፈለው ወጪው ምክንያታዊ በሆነ መጠን ብቻ ነው፤ ሥራውም ተገቢውን ጥራት የጠበቀ መሆን አለበት። በመቶኛ ተሰልቶ የሚመጣው የአስተዳደር ክፍያም አብዛኛውን ጊዜ የሰርቪስ ቻርጅ አካል በመሆኑ በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። አንድ ሌላ ዓይነት ክፍያ አለ፤ የራስዎን ፍላት ግድግዳ ለማፍረስ ፈቃድ ሲጠይቁ ወይም ክፍያ ሲያዘገዩ የሚጠየቀው። እሱ የሚዳኘው በ2002 በወጣ ሌላ ሕግ 11ኛ ሠንጠረዥ ነው። መጠኑ በሊዙ፣ ማለትም በውሉ፣ ካልተቆረጠ እዚያም ጥያቄው ያው ነው፤ ምክንያታዊ ነው ወይ?

ከሁሉ በፊት ግን ሊዙ ራሱ ይነበባል። ውሉ ፍሪሆልደሩ የአስተዳደር ወጪ እንዲያስከፍል ካልፈቀደ፣ ክፍያው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የሚጠየቅበት መሠረት የለውም። ከፈቀደ ደግሞ እውነተኛው ምርመራ ይጀምራል። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት በየዓመቱ የአስተዳደር ክፍያ ይቀበላል፤ ደብዳቤ መላክና ሂሳብ መያዝ በዚያ ውስጥ ተከፍሎበት ሊሆን ይችላል። ሥራውን ለሚቆጣጠረው መሐንዲስም በሂሳቡ ላይ ለብቻው ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ከተነሱ በኋላ 15 በመቶው የሚቀርለት ሥራ የትኛው ነው? በመቶኛ ማስላት ራሱ ያሳስበኛል። የጣሪያው ዋጋ እጥፍ ሲሆን የአስተዳዳሪው ክፍያም እጥፍ ይሆናል፤ የላከው ደብዳቤና የጠራው ስብሰባ ግን ያው ነው። ዋጋ እንዲቀንስ መደራደር ያለበት ሰው ዋጋ ሲጨምር የሚጠቀም መሆን የለበትም።

ክፍያው ለየትኛው ሥራ እንደተጠየቀ ለማወቅ ወረቀት ያስፈልጋል። ሕጉ ሊዝ ሆልደሩ የወጪውን ማጠቃለያ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ ከዚያም ደረሰኞችን እንዲመረምር መብት ይሰጠዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል ወንጀል ነው። ቀኖቹንም ማየት ያሻል፤ ወጪው ከወጣ 18 ወር ካለፈ በኋላ የተጠየቀ ገንዘብ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ካልተነገረ በቀር፣ አይከፈልም።

ከአንድም ፍላት ቢሆን ከ250 ፓውንድ በላይ ለሚጠይቅ ጥገና ፍሪሆልደሩ አስቀድሞ ነዋሪዎችን ማማከር አለበት፤ ካላማከረ ከ250 በላይ መቀበል አይችልም። ብዙዎች ተስፋቸውን እዚህ ላይ ይጥላሉ። ነገር ግን በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳጃን ኩባንያ ጉዳይ በሦስት ለሁለት ድምፅ እንደወሰነው፣ ነዋሪዎቹ በማማከሩ መጓደል ምን እንደተጎዱ ማሳየት ካልቻሉ ክርክሩን የሚሰማው ችሎት ስህተቱን በይቅርታ ሊያልፈው ይችላል። በዚያ ጉዳይ የአምስት ፍላቶች ድርሻ በጠቅላላው ከ280,000 ፓውንድ ገደማ ወደ 1,250 ሊወርድ ነበር፤ አልወረደም። ስለዚህ ጥንካሬው ያለው «ይህ ክፍያ ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ በቁጥር ማሳየት ላይ ነው። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሀውንስሎ ካውንስል ጉዳይ ለዚህ ድጋፍ ሰጥቷል፤ ካውንስሉ አስቦበት መወሰኑ ብቻ አይበቃም፣ ውጤቱም ምክንያታዊ መሆን አለበት።

በእንግሊዝ ክርክሩ የሚቀርበው በ2013 በተቋቋመው የመጀመሪያ ደረጃ ትሪቡናል የንብረት ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሕግ ሰውና አንድ የሕንፃ ወይም የዋጋ ባለሙያ አብረው ይሰማሉ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ የተሸነፈ ወገንም በተለመደው አሠራር የሌላውን የጠበቃ ወጪ አይሸከምም። ገንዘቡን ከፍለው ከሆነም በሩ አልተዘጋም፤ መክፈል ብቻውን እንደ መስማማት አይቆጠርም። ሳይከፍሉ ዝም ማለት ግን አደጋ አለው፤ ቤቱን የገዙበት ብድር ካለ ባንኩ ከፍሎ ዕዳው ላይ ሊጨምረው ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ፍሪሆልደሩ ለችሎት ያወጣውን የጠበቃ ወጪ፣ ሊዙ ከፈቀደለት፣ በቀጣዩ ሰርቪስ ቻርጅ መልሶ በነዋሪዎቹ ላይ ሊጭነው ይችላል፤ ያሸነፉት ሰዎች የተሸናፊውን ጠበቃ ይከፍላሉ ማለት ነው። ይህን የሚከለክል ትእዛዝ በዚያው በ1985ቱ ሕግ ክፍል 20ሲ መሠረት መጠየቅ ይቻላል፤ ካልጠየቁት ግን አይሰጥም። ትእዛዙ የሚጠብቀው በማመልከቻው ላይ ስማቸው የተጻፈውን ብቻ ስለሆነ፣ ክስ የሚያቀርብ ሰው ጎረቤቶቹን አስቀድሞ አነጋግሮ የፈቀዱትን ሁሉ ስም እዚያው ማስገባት አለበት።