ላረጀ ሞተር የቱ ቁጥር ዘይት?

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ንግግር መስማቱ አይቀርም። «ወንድሜ፣ የሞተር ዘይት ነበር።» «የትኛውን?» «መኪናዋ አርጅታለች፣ ሃምሳውን ስጠኝ።» ሻጩም ሳይጠይቅ 20ደብሊው-50 ያወርዳል። ምርጫው ብዙ ጊዜ አይጎዳም። አንዳንዴ ግን ሊታይ የሚገባውን ብልሽት ይሸፍናል፣ ሞተሩም ሳይታከም ይሰነብታል። እኔ እንደማምነው ዕድሜ ብቻውን ዘይት አያስመርጥም። መታየት ያለበት ሞተሩ ዘይቱን ምን እያደረገው እንደሆነ፣ መኪናውም በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1911 የሞተር ዘይትን በውፍረቱ መመደብ ጀመረ። ዛሬ ጋሎኑ ላይ የምናነበው ቁጥር የዚያ ምደባ ልጅ ነው። ቁጥሩ የጥራት ማዕረግ አይደለም፣ ሃምሳው ከአርባው «ይበልጣል» ማለትም አይደለም። የሚናገረው ስለ ፍሰት ብቻ ነው። ዘይት ሲበርድ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። የኑግ ዘይት ጠዋት ከጠርሙሱ ሲቀዳና መጥበሻ ላይ ሲግል አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ሁሉ የሞተር ዘይትም ሁለት ጠባይ አለው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ተሰጠው፤ ከደብሊው በፊት ያለው የብርዱ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የሙቀቱ።

የሙቀቱ ቁጥር የሚለካው በ100 ዲግሪ ነው። አርባ የሚባለው ዘይት በዚያ ሙቀት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ውስጥ መውደቅ አለበት፤ ሃምሳ የሚባለው ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። አንዱ ባበቃበት ሌላው ይጀምራል። እንግዲህ ከአርባ ወደ ሃምሳ መሻገር ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል ትልቅ ዝላይ አይደለም።

የብርዱ ቁጥር እኛ አገር ብዙም አያስጨንቅም። 20ደብሊው ሞተር ማስነሳት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፣ 15ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው። ግሽ ዓባይ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ብትሆንም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ወደዚያ አይጠጋም። ይህ ማለት ግን ጠዋት ጠዋት ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ሌሊቱን የቀዘቀዘ 20ደብሊው-50 ከዘይት ፖምፓው ተነሥቶ ቴስታታው ላይ እስኪደርስ ከ15ደብሊው-40 ይዘገያል። ከዚህም ሌላ ፊልትሮው ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ዘይቱ ወፍሮ በፊልትሮው ማለፍ ሲያቅተው ትከፈትና ሳይጣራ ታሳልፈዋለች። ጠዋት ሞተር አስነሥቶ ወዲያው ነዳጅ መርገጥ የብዙ ሹፌሮች ልማድ ነው። ከዘይት ምርጫ በላይ ሞተር የሚበላው ይህ ልማድ ነውና ግማሽ ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት፣ ከዚያም ቀስ ብለው ይንዱት።

ዋናው ጉዳይ ሙቀቱ ላይ ነው። እህል ጭኖ ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ኤንፒአር ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ተነሥቶ ደግሞ እስከ ጎሐ ጽዮን ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄደውም ዓባይን የሚሻገረው እንዲሁ ቆላ ወርዶ ነው። በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ የዘይቱ ሙቀት 100 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ነው «በረሃ የሚወርድ መኪና ሃምሳ ያስፈልገዋል» የሚባለው፣ አባባሉም መሠረት የለሽ አይደለም። ሆኖም አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዘይት በ150 ዲግሪና በከባድ ጫና የሚፈተንበት ሌላ መለኪያ አለ፤ በዚያ መለኪያ ከ15ደብሊው-40ም ከ20ደብሊው-50ም የሚጠበቀው ዝቅተኛ መጠን እኩል 3.7 ሚሊፓስካል ሴኮንድ ነው። እርግጥ ብዙው 20ደብሊው-50 ከዚያ በላይ ያስመዘግባል። ግን ጤነኛ የናፍጣ ሞተር በጥሩ 15ደብሊው-40 የዓባይን ዳገት ያለ ችግር ይወጣል።

ጤነኛ ካልሆነስ? በክራንክ ሻፍቱና በመቀመጫው መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር መቶኛ ጥቂቱ ነው። ዘይቱ በዚያ ስንጥቅ ገብቶ ብረቱን ከብረት ያራርቃል። መቀመጫው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱም ቶሎ አምልጦ ስለሚወርድ ግፊቱ ይቀንሳል። ያኔ ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲቆም የዘይት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ወፍራም ዘይት በሰፋው ክፍተት ቶሎ ስለማያልፍ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ መብራቱም ይጠፋል። እዚህ ላይ ሃምሳው በእርግጥ ይጠቅማል፤ የሰፋ ክፍተት ወፈር ያለ ዘይት ይፈልጋል። የተበላውን ብረት ግን አይመልስም፣ ጊዜ ብቻ ይገዛል። መካኒኮች በልማድ የሚይዙት ልክ በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ያህል ግፊት ነው። በጋለ ሞተር ላይ በመሣሪያ ያስለኩት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው አሮጌ መርፌ አይታመንም።

ወደ ሃምሳ ከመሻገርዎ በፊት ግን የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። ጫፉን በሁለት ጣት ያሹት፣ ያሽትቱትም። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ወይም ሳይጨምሩበት መጠኑ ከፍ ካለ ዘይቱ የቀጠነው በእርጅና አይደለም፣ ነዳጅ ገብቶበት ነው። ጥፋቱ የኖዝል ወይም የነዳጅ ፖምፓው ነው፤ ሃምሳም ቢሞሉበት በሳምንታት ውስጥ ይቀጥናል። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርገው ማሳደርም ይጠቅማል። ጥሩ ዘይት እየሳሳ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል። ቆሻሻውን መሸከም ያቃተው ዘይት መሐል ላይ ጠርዙ ቁልጭ ያለ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ካዩ መቀየር ያለበት ቁጥሩ ሳይሆን ዘይቱ ራሱ ነው፤ ጊዜው አልፎበታል።

ጭሱንም ያንብቡ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ቤንዚን የሚጠጣ አሮጌ ዲኤክስ በማርሽ ተይዞ እስከ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ዳገቱን ሊጀምር ነዳጅ ሲረገጥ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ከተፋ፣ ዘይቱን የሚያሾልኩት የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ናቸው። ጎሚኒ በቀላሉ ይቀየራል። ዳገቱን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ካጨሰ ግን የፒስተኑ ሪንጎች አልቀዋል፤ ሃምሳው ፍጆታውን በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ሞተር ማውረድን አያስቀርም። ጥቁር ጭስ ደግሞ ከዘይት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግሽ ዓባይ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ሳስቷል። ተርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ሳይቀንስ አየሩ ሲያንሰው ጥቁር ያጨሳል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰከላ ሽቅብ ሲወጡ ጭሱ ጠቆረ ብለው ዘይት አይቀይሩ፣ የአየር ፊልትሮውን ያራግፉ። በበጋው አቧራማ መንገድ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ እመርጣለሁ። ዘይት የማይበላ፣ ግሎም መብራት የማያበራ ሞተር የሃያም የሠላሳም ዓመት ዕድሜ ይኑረው፣ የመመሪያው መጽሐፍ ከፈቀደ 15ደብሊው-40 ላይ ይቆያል። ነዳጅ አለመቀላቀሉ ተረጋግጦ፣ ግፊቱ ሲግል ብቻ የሚወርድ ከሆነ ወይም መኪናው ዘወትር ተጭኖ በረሃ የሚወርድ ከሆነ 20ደብሊው-50 ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ መውፈር፣ በተለይም ዘይት ማወፈሪያ እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን መጨመር፣ ገንዘብ ማባከን ነው። አሮጌ መኪና ሊሸጥ የፈለገ ሰው የሞተሩን ኳኳታ ለማጥፋት የሚሞላው እሱኑ ስለሆነ፣ ገዢ ከሆኑ መኪናውን ግማሽ ሰዓት አስነድተው ሞተሩ ከጋለ በኋላ በሚኒሞ ያዳምጡት።

ሱቅ ሲገቡ ከቁጥሩ ሌላ ፊደሉንም ይዩ። ኤፒአይ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው፤ ሁለቱም ያለበት ለሁለቱም ይሆናል። ለድሮ ናፍጣ ሚኒባስና አይሱዙ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሚል ካገኙ ከበቂ በላይ ነው። ተርፎ የቀረ ገንዘብ ካለ ውድ ዘይት ከመግዛት ይልቅ ቶሎ ለመቀየር ይዋል። ጥላሸት የሚበዛበት የድሮ ናፍጣ ሞተር በአቧራ መንገድ የሚሠራ ከሆነ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ከነፊልትሮው መቀየር ይገባዋል። አዲሱን ቁጥር ከሞሉ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ጠዋት ጠዋት መለኪያውን ይመልከቱ። የጎደለውን መጠንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ መካኒኩ «ስንት ይበላል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስፈልገው ያ ጽሑፍ ነው።