አንድ ኪሎ ሜትር እርከን ስንት ኩንታል አፈር ያድናል?

ሐምሌ ሲገባ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ መልኩ የአፈር ነው። ወንዙን ያደፈረሰው የአርሶ አደሩ ማሳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ምን ያህል አፈር እንደሄደ ግን በዓይን ገምቶ መናገር አይቻልም። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ ባለቤቱ ልብ ላይለው ይችላል። በሚዛን ቢቀመጥ ግን 120 ኩንታል ገደማ ይሆናል።

ይህን የማይታይ ኪሳራ በቁጥር ለመገመት የሚያስችል የሒሳብ ቀመር አለ። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ዋልተር ዊሽማየር እና ድዋይት ስሚዝ ሲሆኑ፣ መነሻቸውም ከሙከራ ማሳዎች ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ነበር። በአገራችን ደግሞ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀመረ። በደቡብ ወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በምዕራብ ጎጃም አንጀኒ የምርምር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ተመራማሪው ሐንስ ሁርኒም እ.ኤ.አ. በ1985 ቀመሩን ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አቀረቡት።

ስድስት ቁጥሮች

የቀመሩ አሠራር ማባዛት ብቻ ነው። የሚባዙት የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ የሰብሉ ሽፋን እና የአስተራረስ ወይም የጥበቃ ሥራው ናቸው። ውጤቱ በዓመት ከአንድ ሄክታር የሚታጠበውን አፈር በቶን ያሳያል።

ለአብነት ዓመታዊ ዝናቡ 1 ሺህ 200 ሚሊ ሜትር በሆነ አካባቢ የሚገኝ፣ 80 ሜትር ቁልቁል የሚወርድና 125 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሄክታር ቀይ አፈር እንውሰድ። ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው፤ ማለትም በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከ50 ይወርዳል። ማሳው ጤፍ ተዘርቶበታል፤ የታረሰውም ሽቅብና ቁልቁል ነው። ለኢትዮጵያ በተስማማው ሠንጠረዥ መሠረት የዝናቡ ኃይል 666፣ ቀይ አፈር 0.25፣ የ80 ሜትር ርዝመት 1.9፣ የ15 በመቶ ቁልቁለት 1.6፣ ጤፍ 0.25፣ ሽቅብና ቁልቁል ማረስ 1 ነው። ሲባዛ 126 ቶን፣ ወይም 1 ሺህ 260 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ማሳው 20 ኩንታል ጤፍ ቢሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል ጤፍ ከ60 ኩንታል በላይ አፈር ተከፍሏል ማለት ነው።

የጤፍ ቁጥር ከፍ ያለበት ምክንያት ለአርሶ አደሩ አዲስ አይደለም። ጤፍ ተደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅትም መሬቱ ገና አልተሸፈነም። የበቆሎና የማሽላ ቁጥር 0.10 ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ደግሞ 0.01 ነው።

የት ይሠራ?

በዚሁ ማሳ በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራና አርሶ አደሩ አግድም ቢያርስ፣ የርዝመቱ ቁጥር ከ1.9 ወደ 0.7፣ የአስተራረሱም ከ1 ወደ 0.9 ይወርዳል። ኪሳራው ወደ 42 ቶን ዝቅ ይላል። ለዚህ የሚያስፈልገው እርከን ስምንት መስመር፣ በድምሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው። የሚድነው አፈር ደግሞ 840 ኩንታል ገደማ ነው።

ይኸው 1 ኪሎ ሜትር እርከን በተመሳሳይ ርቀት ተዳፋቱ 5 በመቶ በሆነ ማሳ ላይ ቢሠራ ግን የሚያድነው 210 ኩንታል ያህል ብቻ ነው። ጉልበቱ አንድ፣ የሪፖርቱ ቁጥርም አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን በአራት እጥፍ ይለያያል። የተፋሰስ ልማት ዕቅድ በኪሎ ሜትር ብቻ ሲለካ ይህ ልዩነት አይታይም። ለሥራው ምቹ የሆነው ሜዳ ቀድሞ ሊሠራና የባሰበት ተዳፋት ለሌላ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ቀመሩ የማያየው

ቀመሩ የሚሰጠው የብዙ ዓመት አማካይ ግምት ነው፤ አንድ ሌሊት የጣለ ከባድ ዝናብ ያደረሰውን ጉዳት አይነግርም። የቦረቦር ጉዳትንም አይቆጥርም። ከማሳው የተነሣው አፈር የት እንዳረፈ ስለማያሳይ፣ ውጤቱን በቀጥታ ወንዝ ወይም ግድብ የገባ ደለል አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው።

ከሁሉም በላይ ቀመሩ ስለ ምርት አይናገርም። በአንጀኒ የታየውም ይኸው ነው። በዚያ የተሠራው እርከን የአፈር መታጠብን በእጅጉ ቢቀንስም፣ ምርት ግን ወዲያውኑ አልጨመረም። እርከኑ ራሱ መሬት ይይዛል፤ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢም ከእርከኑ ጀርባ ውኃ ይተኛል። አርሶ አደሩ «እርከኑ መሬቴን አጠበበው፣ በሬ ማዞሪያ አሳጣኝ» ሲል ቅሬታው መሠረት አለው። ስለዚህ ውኃ በሚበዛበት ቦታ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቀድሞ መዘጋጀት፣ በእርከኑ ላይም ለከብት መኖ የሚሆን ሣር መተከል ይኖርበታል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየቀበሌው የሚገኝ ነው፤ የተዳፋት መለኪያ የውኃ ልክ፣ ገመድ፣ ሁለት ዘንግና የዝናብ መረጃ። የበጋው የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከአርሶ አደሮች ጋር ማሳዎቹን ለክተው በኪሳራቸው ቅደም ተከተል ቢያስቀምጡ፣ ሕዝቡ የሚያወጣው ጉልበት የት እንደሚውል በግልጽ ይታወቃል። የወረዳው ሪፖርትም ከተሠራው ኪሎ ሜትር ጎን ሌላ ዓምድ ይጨመርለታል፤ ይድናል ተብሎ የተገመተው አፈር በኩንታል።