ሰንጠረዥና አነስተኛው ሠሪ

ጦርነትን በገበታ ላይ የሚያስመስል ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል።

በእንግሊዝ አገር ይህን መሰሉ ጨዋታ ትልቅ ንግድ ሆኗል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጌምስ ወርክሾፕ ትናንሽ የተዋጊ ምስሎችን ከነጨዋታው ደንብ ያዘጋጃል፤ በራሱ መደብሮችም ይሸጣል። አነስተኛው ድርጅት ምስሎቹን ቢቀዳ በሕግ ይጠየቃል፤ በዋጋም ቢፎካከር አቅሙ ያንሰዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ታላቁ ድርጅት ወደማይተጋበት፣ በታሪክ ወደተፈጸሙት ጦርነቶች ያዘነብላሉ።

በኮምቦልቻ እንጨት የሚቀርጽ ወጣት ይህን ሙያ ቢመኝ፣ ሰንጠረዥ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ችግሩ ገዢ ማግኘቱ ላይ ነው፤ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ቀራጩ ከጠጠሮቹ ጋር አጨዋወቱንም ማስተማር ይኖርበታል።