ጡረታ ኪስን እንጂ ቀንን አይጦርም



«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ልጅ አረጋዊ ወላጁን መደገፉን ያመለክታል። ሕጋችን ይህን ድጋፍ በስሌት አስቀምጦታል፦ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። 30 ዓመት ላስተማረ 55 በመቶ ይሆናል።

ስሌቱ ግን ቀኑን አይሞላም። ዳባት ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ በወጡ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ ጋቢያቸውን ደርበው ከደጃፋቸው ይቆሙ ነበር። «ጠያቂ ጎረቤት ሞልቶኛል፤ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ግን አጣሁ» አሉኝ።

በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖር ገብስ አራሽ ሥራውን በአንድ ቀን አያቆምም፤ ሞፈሩን ለልጁ ካስረከበ በኋላም የዘሩን ጊዜ የሚመክረው እሱ ነው። መምህር ግን ሰኔ ላይ አስተምሮ መስከረም ላይ እንግዳ ይሆናል።

እኔም የቀሩኝ ጥቂት ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ከአሁኑ አንዱን ኮርሴን ለወጣት ባልደረባዬ አስረክቤ ከኋላ ወንበር መቀመጥን በመለማመድ ላይ ነኝ። የትምህርት ክፍሎቻችንም ተሰናባቹን ጋቢ አልብሰው ከመሸኘት አልፈው የሚመክርበት ወንበር እንዲያቆዩለት አሳስባለሁ። እኚያ መምህሬ ቀና ያሉት የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው የመጡ ዕለት ነበርና።