ምድር ባቡር በጠረጴዛ ላይ

በግሽ ዓባይም ሆነ በቡሬ ገጠር አንዲት እናት «ባቡር ደርሼ መጣሁ» ብትል፣ በቆሎዋን አስፈጭታ መመለሷ ነው እንጂ ተሳፍራ መምጣቷ አይደለም። በዚያ አገር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄደው ግን «የምድር ባቡር» ተብሎ በሙሉ ስሙ ካልተጠራ አይታወቅም፤ እስከ ዛሬ ድረስ በጎጃም ምድር የተዘረጋ ሐዲድ የለምና።

ይሁን እንጂ ሐዲድ ያልገባበት አገር ልጅ ምድር ባቡርን በገዛ ቤቱ ሊያስገባው ይችላል። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና እየሠራ ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይሆንም። በአውሮፓና በአሜሪካ ትንንሽ ባቡር በቤት ውስጥ መዘርጋት ከልጆች ጨዋታ አልፎ የትልልቅ ሰዎች የዕረፍት ጊዜ ሥራ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በጀርመን አገር፣ በሐምቡርግ ከተማ፣ በ2001 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ የተከፈተው ትልቁ ማሳያ ከአንድ ሺህ በላይ ትንንሽ ባቡሮች አሉት።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መጠን «ኤች ኦ» የሚባለው ነው። ይኸውም እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ታንሶ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ ለ87 ሲካፈል 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል። ይህም በየሱቁ የሚሸጠው የኤች ኦ ሐዲድ ስፋት ነው። በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለ ነበር፣ እርሱን ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ይስማማዋል። ርዝመቱን በሙሉ እሠራለሁ የሚል ሰው ቢኖር ግን ያ 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ታንሶም ቢሆን 9 ኪሎ ሜትር ይሆንበታል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይና አንድ ዋሻ መርጦ መጀመር ብልህነት ነው። ያልተሠራውን መስመር፣ ለምሳሌ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚወስደውን፣ አስቦ መዘርጋትም የሚከለክል የለም።

ጠረጴዛው

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ስለ ባቡሩ ሳይሆን ስለ ጠረጴዛው ነው። ባሕር ዛፍ በየደጃችን አለ፤ ነገር ግን ገና እርጥብ ሳለ ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ጠረጴዛው ሲጣመም ሐዲዱም አብሮ ይጣመማል። ስለዚህ እግሩን በደንብ ከደረቀ እንጨት፣ ገጹን ከኮምፔንሳቶ መሥራት ይሻላል። ሠሪው ከሚቆምበት ጠርዝ እስከ ሩቁ ሐዲድ ያለው ስፋት ከ75 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ ባቡር መውደቅ የሚወደው እጅ በማይደርስበት ጥግ ነውና።

የጎጃም ሰው አቀበት አይፈራም፤ ባቡር ግን ይፈራል። በአንድ ሜትር መንገድ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዲወጣ ማስገደድ አይገባም። አንዱ መስመር በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚያስፈልግ፣ አቀበቱ ቢያንስ 2 ሜትር ከ70 ርዝመት ይወስዳል ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ ሐዲድ የቸነከረ ሰው ኋላ ሲነቅል ይገኛል። ተራራው ከወረቀት፣ ከሙጫና ከጀሶ፣ መስኩ አረንጓዴ ቀለም ከተነከረ ሰጋቱራ፣ የጎጆው ክዳን ከሰንበሌጥ ይሠራል።

ኤሌክትሪኩ

ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው 12 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። የቤቱ 220 ቮልት ሰው ይገድላልና ፈጽሞ ከሐዲዱ ጋር መገናኘት የለበትም። መብራት በጠፋ ጊዜ የ12 ቮልት ባትሪ ሊተካ ይችላል፤ ሆኖም ፊውዝ ይደረግለት፤ አለዚያ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ግለው ይቃጠላሉ።

ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሐዲድ ገብቶ በባቡሩ ሞተር ውስጥ ያልፍና በሌላው ሐዲድ ይመለሳል። የሐዲድ መጋጠሚያ እያደር ስለሚላላ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ዘርግቶ በየ2 ሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ ማውጣት ያስፈልጋል። መስመሩንም በ8 ክፍል ለይቶ ለእያንዳንዱ ማብሪያና ማጥፊያ ማድረግ ይገባል። የዚህ ጥቅም በችግር ቀን ይታያል።

ችግሩ ሲመጣ

ችግሩም መምጣቱ አይቀርም። ባቡሩ እየተንቀጠቀጠ ቢቆም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአቧራ ነው፤ ሐዲዱንና ጎማውን አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግን ጭረት ስለሚተው ቆሻሻን ይብስ ያከማቻል። ሁለተኛው ጠላት ወቅት ነው። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ የሐዲዱ መጋጠሚያ ይከፈታል፤ በበጋ ሲኮማተር ደግሞ ተለያይተው እንዲቀመጡ የተደረጉት ሐዲዶች ተገፍተው ይነካካሉ። ሦስተኛው ጀማሪውን ሁሉ የሚያደናግር ነው። መስመሩ ዞሮ ወደ ራሱ ቢመለስ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገናኝና ኮንታክት ይሆናል። መድኃኒቱ የዙሩን ሁለት ጫፎች ከቀረው መስመር ለይቶ፣ ለዙሩ ብቻ ኤሌክትሪኩን የሚገለብጥ ማብሪያ ማበጀት ነው።

ጥፋቱ ያለበት ቦታ ሳይታወቅ መስመሩ በሙሉ የቆመ እንደ ሆነስ? ትዕግሥት የሌለው ሰው ሐዲዱን ሁሉ ይነቅላል። አስተዋዩ ግን ከ8ቱ ክፍሎች 4ቱን አጥፍቶ ይሞክራል። ባቡሩ በቀሩት ከሄደ ጥፋቱ ካጠፋቸው ዘንድ ነው፤ እነዚያን ደግሞ ለሁለት፣ ቀጥሎም ለአንድ ይከፍላቸዋል። በሦስት ሙከራ ብቻ የታመመው ክፍል ይታወቃል። ወንዝ ተከትሎ ምንጭ የሚፈልግ ሰው በየመገናኛው ቆሞ «የቱ ነው?» እያለ ሽቅብ እንደሚወጣ ማለት ነው።

ይህ ልማድ ከጠረጴዛ አልፎ የሄደበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በ1946 የትንንሽ ባቡር ክበብ አቋቁመው ነበር። ከእነርሱ ተራራና ቤት ማሳመር የሚወዱ ነበሩ፤ ከጠረጴዛው ሥር ገብተው የስልክ ማዞሪያ ዕቃዎችን ከሽቦ ጋር ሲያያይዙ የሚያድሩም ነበሩ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተቋሙ ኮምፒዩተር ላይ በትጋት ከሠሩት ተማሪዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ከጠረጴዛው ሥር የወጡ ናቸው። ዛሬ በዓለም የሚነገረው «ሀከር» የሚለው ስያሜም ለኮምፒዩተር ሰው ከመዋሉ በፊት በዚሁ ክበብ ይነገር ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዕቃው ከውጭ የሚመጣና ዋጋውም የማይቀመስ ከሆነ አንድ ባቡርና አንድ ክብ ሐዲድ ለመጀመሪያ ይበቃል። ነገ በቢሮ ውስጥ የአንድ ባላጉዳይ ፋይል ጠፍቶ ሁሉም ጣቱን በሌላው ላይ ሲቀስር፣ መደርደሪያውን በሙሉ ከመገልበጥ ይልቅ «እስከ የትኛው ጠረጴዛ ድረስ ደርሶ ነበር?» ብሎ ከመካከል የሚጀምር አንድ ጸሐፊ ቢገኝ፣ ያ ሰው ምናልባት በቤቱ ሐዲድ የዘረጋ ይሆናል።